የቴአትር መድረክ ግንባር ምን ይጠቅማል? ከዳባት እስከ ሊማሊሞ በተደረገ ጉዞ የታሰበ

ዛሬ ስለ ቴአትር መድረክ ግንባር ለመጻፍ ብዕራችንን ስናነሣ «ይህ የመሐንዲሶች ነገር ነው እንጂ የቤተ ሰብ ነገር አይደለም» የሚለን ሰው ቢኖር አንደነቅም። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። አሳባችንን የለወጠው ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከጎንደር ተነሥተን በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ በሄድን ጊዜ ያየነው ነገር ነውና፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እንተርክላችኋለን።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ የገብስ እርሻ በተዘረጋበት ደጋ ላይ አልፎ ዳባትን ይዞ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ስትሆን፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚሄድ እንግዳ በሩ እርስዋ ናት። ከደባርቅ ጥቂት እልፍ ሲሉ ምድሩ ድንገት ይቈረጥና ሊማሊሞ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዲቱ አድረን ሳለ፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች በማታ ቴአትር ያሳያሉና እንድንገኝ የወላጆች ሽማግሌዎች ጠሩን። የከተማይቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ነገር በየትም ይገኛልና።

አዳራሹ ረዥም የመማሪያ ቤት ነበር። በአንደኛው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ የሲሚንቶ መደብ አለ፤ እርሱም መድረክ ተባለ። ፊቱ የተከፈተ፤ ጎኑ የተከፈተ፤ መጋረጃ የሌለው ነው። የቴአትሩ ታሪክ አባትዋ የሞተባት አንዲት ልጅ ርስትዋን ለማስመለስ በዳኛ ፊት ቆማ ስትሟገት የሚያሳይ ነበር። ሙግቱን የምትናገረው ልጅ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ቢሆን ነው፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ሳለ ቃልዋ እስከ አዳራሹ ጫፍ ይደርስ ነበር። እናትዋ በሁለተኛው ረድፍ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣ፤ ልጅቱ በተናገረች ቍጥር ከንፈርዋን አብራ ታንቀሳቅስ ነበር።

ልጅቱ ስለ አባትዋ ሞት መናገር በጀመረች ጊዜ፤ ዳኛ የሚሆነው ልጅ በመደቡ ጎን ቆሞ የጥጥ ጢም ሲያስር ለሕዝቡ ሁሉ ይታይ ነበር። ጢሙ ወደቀ፤ ባልንጀራው አነሣለት፤ እንደ ገና ወደቀ። አዳራሹ በሙሉ በሣቅ ተናወጠ። ልጅቱ በእርስዋ የተሣቀ መሰላት። ቃልዋ ጠፋት፤ ፊትዋን በነጠላዋ ሸፍና ከመደቡ ወርዳ ወጣች። እናትዋም ተከትላት ወጣች። ቴአትሩ በዚያው ቀረ።

በማግሥቱ የወላጆች ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ እኛም ተጠራን። ርእሰ መምህሩ «ከተዋጣው ገንዘብ ላይ ለመድረኩ ግንባርና መጋረጃ ይሠራለት» ብሎ ጠየቀ። አንድ አባት ግን ተነሥተው «ልጆቻችን በድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየተማሩ፤ ለጨዋታ በር እንሠራለን? ገንዘቡ የተዋጣው ለወንበር ነው» አሉ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ልጅቱም ሁለተኛ በሰው ፊት አልቆምም ብላለች ተባለ። እኛን «እናንተ ብዙ አገር አይታችኋልና ምን ትላላችሁ?» ብለው ቢጠይቁን፤ ወደ ሊማሊሞ ወርደን በሳምንቱ ስንመለስ እንመልስላችኋለን ብለን ተነሣን። በመንገድ ሳለን ያሰብነውም ይህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ስሙና ትውልዱ

በቴአትር ቤት ውስጥ በተመልካቹና በተጫዋቹ መካከል እንደ ትልቅ በር ወይም እንደ ሥዕል ክፈፍ ሆኖ የሚቆመውን ግንብ አውሮፓውያን ፕሮሴኒየም ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው። ግሪኮች ተጫዋቾቹ ልብስ የሚለውጡበትን ቤት ስኬኔ ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም ድንኳን ወይም ዳስ ማለት ነው። ከዳሱ ፊት ያለውንም ስፍራ ፕሮስኬኒዮን አሉት፤ ይኸውም «ከዳስ ፊት» ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ በወርቅ ቅብና በሐር መጋረጃ የሚያጌጠው ግንባር ስሙ የተወለደው ከዳስ ነው።

ግሪኮች ግን ክፈፍ አልነበራቸውም። ሕዝቡ በኰረብታ ጥግ በግማሽ ክብ ተቀምጦ በመካከሉ ባለው ክብ ሜዳ ላይ የሚዘፍኑትን ያይ ነበር። ያ ክብ ሜዳ በመጀመሪያ የእህል አውድማ ሳይሆን አይቀርም ብለው የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ። በጥር ወር በዳባትና በደባርቅ ገብስ የሚወቃበትን አውድማ ላየ ሰው ይህ ግምት እንግዳ አይሆንበትም፤ ክቡ ሜዳ ተጠርጎና ተለቅልቆ፤ በዙሪያው ሰው ቆሞ፤ በመካከሉ በሬዎች ሲዞሩ የሚታይበት ስፍራ ነውና።

ክፈፉ የመጣው በኢጣልያ አገር ነው። በቪቼንሳ ከተማ ፓላዲዮ የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ የነደፈው ቴአትር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1585 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ፤ መድረኩ በስተ ኋላው እንደ ቤተ መንግሥት ግንብ ተሠርቶ በሮች ወጥተውለት ነበር። በበሮቹም ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ መንገድ በዘዴ ስለ ተሠራ፤ አጭሩ መንገድ ለተመልካች ዓይን እጅግ ሩቅ መስሎ ይታየዋል። በፓርማ ከተማ ደግሞ አሌዮቲ የተባለው መሐንዲስ በ1618 ዓ.ም. በሠራው በፋርኔዜ ቴአትር፤ ብዙዎቹ በሮች አንድ ትልቅ በር ሆኑ፤ መድረኩ በሙሉ በዚያ በር ውስጥ ታየ። ይህ ቴአትር ለሕዝብ የታየው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1628 ዓ.ም. ሲሆን፤ ቋሚ የመድረክ ግንባር ካላቸው ቴአትር ቤቶች ከመጀመሪያዎቹ እንደ አንዱ ይቈጠራል።

ግንባሩ የሚሠራው ሥራ

የግንባሩ ሥራ ሦስት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የመጀመሪያው መሸሸግ ነው። ገመዱ፤ መብራቱ፤ ወደ ላይ የሚሳበው ሥዕል፤ ተራውን የሚጠብቀው ተጫዋች ሁሉ ከግንባሩ ጀርባ ይቆማሉ። ተመልካቹ የሚያየው የተዘጋጀለትን ብቻ ነው። ያ የጥጥ ጢም ከግንባር ጀርባ ቢታሰር ኖሮ ማንም ባልሣቀ ነበር።

ሁለተኛው ዓይንን መሰብሰብ ነው። ሰው በሜዳ ላይ ሲያይ ዓይኑ ወደ ብዙ ነገር ይበተናል፤ በመስኮት ሲያይ ግን በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ያያል። በእንግሊዝ አገር በሎንዶን የሄይማርኬት ቴአትር አስተዳዳሪ የነበረው ባንክሮፍት በ1880 ዓ.ም. የመድረኩን አራት ጎን እንደ ሥዕል በወርቅ ቅብ ክፈፍ አስከብቦት ነበር። በጀርመን አገር ደግሞ ዋግነር የተባለው የሙዚቃ ሊቅ በ1876 ዓ.ም. በባይሮይት በከፈተው ቴአትር፤ ሙዚቀኞቹን ከመድረኩ በታች ሸሽጎ፤ የተመልካቹን አዳራሽ አጨልሞ፤ ከአንዱ ግንባር ፊት ሁለተኛ ግንባር አቆመ። ስለዚህ መድረኩ ከሕልም ሩቅ ሆኖ የሚታይ መሰለ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮም ቀደም ብሎ በ1758 ዓ.ም. ተጫዋቾች በመድረኩ ጫፍ ላይ የማይታይ ግድግዳ እንዳለ አስበው፤ ተመልካች እንደሌለ ሁነው እንዲጫወቱ መክሮ ነበር።

ሦስተኛው መጠበቅ ነው። በቀድሞው ዘመን መድረክ በሻማና በጋዝ ይበራ ስለ ነበር ቃጠሎ ብዙ ሰው ፈጅቷል። በ1881 ዓ.ም. በቪየና ከተማ አንድ ቴአትር ቤት ተቃጥሎ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ ግንባሩን ከእሳት የሚከላከል ግድግዳ ማድረግና በብረት መጋረጃ መዝጋት በብዙ አገር ሕግ ሆነ። ነገር ግን በ1903 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በኢሮኰይ ቴአትር እሳት በተነሣ ጊዜ፤ እሳት መከላከያው መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተይዞ ስለ ቀረ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። መጋረጃ ያለው ቤት ሁሉ ይህን ሊያስታውስ ይገባዋል።

በአገራችን ያለው ክፈፍ

ይህን ሁሉ ስንናገር፤ ክፈፍና መጋረጃ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ እንለምናለን። የቤተ ክርስቲያናችን መቅደስ ከቅድስት በመጋረጃ የተለየ መሆኑን፤ መጋረጃውም በጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ይህ ቅዱስ ነገር ስለ ሆነ ከጨዋታ ጋራ አናነጻጽረውም፤ ነገር ግን መጋረጃ ሲገለጥ ልብ እንደሚሰበሰብ ሕዝባችን ከልጅነቱ የተማረው በዚያ ነው።

በቤተ መንግሥትም እንዲሁ ነበር። በቀድሞ ነገሥታት ወግ ንጉሡ ከሕዝብ ዓይን በመጋረጃ ይከለሉ ነበር፤ ቃላቸውንም አፈ ንጉሡ ያሰማ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ግብር ሲበላ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ማዕዱን እስኪፈጽሙ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ በኋላ ግን መጋረጃው ተገልጦ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ለተጋባዡ ሁሉ ይታዩ ነበር። አያቶቹ ከዚያ አዳራሽ የበሉ አንባቢ ሁሉ፤ የዚያች ሰዓት ጸጥታ ምን ያህል እንደ ነበረ ሲነገር ሰምቶ ይሆናል።

በሰሜንም ከሊማሊሞ ወደ ምሥራቅ ባለው ደጋ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ደጃዝማች ውቤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩዋት ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑና፤ በዚያው በተዘጋጀው ስፍራ ደጃዝማች ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ግንባሩ ባለ ቤቱን አይመርጥም፤ ለአንዱ የተዘጋጀው ለሌላው ሆነ። ክፈፍ ሰውን ትልቅ አያደርገውም፤ ትልቅ ሆኖ የመጣውን ግን ለሁሉ ያሳያል።

ወደ ቤተ ሰብ ስንመለስ ደግሞ የሠርጉን ዳስ እናገኛለን። ባላገሩ በጥር ወር ልጁን ሲድር የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ፤ ቅጠል ከድኖ፤ ሙሽሮቹ የሚቀመጡበትን ስፍራ ለይቶ በነጭ ጨርቅ ያስጌጠዋል። በግራና በቀኝ ሚዜዎች ይቆማሉ። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ይመልሳል። ይህ ግሪኮች «ከዳስ ፊት» ያሉት ስፍራ ካልሆነ ምን ይባላል?

ቴአትር በአዲስ አበባ

በዘመናዊ መንገድ በአገራችን የመጀመሪያውን ቴአትር የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩስያ አገር የተማሩትና በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁት እኚህ ሰው፤ የእንስሳትን ተረት መነሻ አድርገው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጨዋታ ደረሱ። ጨዋታው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ለመኳንንትና ለሹማምንት ታየ፤ የቴአትር ቤት ገና አልነበረምና። በአውሬዎች አፍ የመንግሥትን ጕድለት የሚነቅፍ ስለ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ በኋላ ቴአትር በትምህርት ቤቶች ተጠግቶ ኖረ፤ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰውን የመሰሉ ደራስያንም ቅኔውንና መዝሙሩን ከጨዋታ ጋራ አዋሐዱት።

በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ፤ ሕዝቡን ለነፃነቱ ለማነሣሣት በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ከነፃነት በኋላ እንደ ገና ተቋቁሞ በፒያሳ ባለው አዳራሹ ብዙ ቴአትርና ዘፈን አሳየ። ጣልያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀምረውት የነበረው ሕንፃ ደግሞ ሰፍቶና ታድሶ፤ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። በመክፈቻውም የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ስሙ ብሔራዊ ቴአትር ሆነ። ከ1000 በላይ ሰው የሚይዘው ይህ አዳራሽ ሰፊ ግንባርና ከባድ መጋረጃ ያለው ስለ ሆነ፤ በአገራችን ብዙ ሰው «ቴአትር» ሲባል በልቡ የሚስለው ያንን በር ነው።

ስለ ክቡ ሜዳ

ነገር ግን ሚዛን እንዳይጓደል፤ ግንባር የሚያስቀረውንም እንናገር። ከጎንደር አቅራቢያ ቡርቧክስ በሚባለው ስፍራ የአዝማሪ ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። አዝማሪ ክፈፍ አያውቅም። ማሲንቆውን ይዞ ከሰው መካከል ይቆማል፤ ግጥም ይቀበላል፤ ያመሰግናል፤ በሰም ለበስ ቃል ይወጋል። ፉከራና ሽለላም፤ የሐዘን ሙሾም የሚነገሩት በክብ ነው። በክብ ውስጥ ተመልካችና ተጫዋች አይለያዩም፤ የሚሰማው ሁሉ ይመልሳል። ግንባር ግን ሕዝቡን ዝም ያሰኘዋል፤ የተመልካቹን ቃል ይቀማዋል።

ይህን የተረዱት አውሮፓውያንም ጭምር ናቸው። ከሃያኛው መቶ ዓመት ወዲህ ብዙ የቴአትር ሰዎች ግንባሩን እየተዉ ሕዝቡን በሦስት ወይም በአራት ጎን ማስቀመጥ ጀምረዋል። በካናዳ አገር በስትራትፎርድ ከተማ በ1953 ዓ.ም. የተከፈተው መድረክ ወደ ሕዝቡ መካከል የገባ ነበር። ስለዚህ ግንባር የሥልጣኔ ምልክት ነውና ሁሉ ይሥራው ብንል ስሕተት ይሆንብናል። ጥያቄው «ለየትኛው ሥራ?» የሚል ነው። ለደስታና ለፉክክር ክቡ ይሻላል። ልጅ ስለ አባትዋ ሞት ስትናገር ግን፤ ቃልዋን እስክትጨርስ የሚጠብቃት አንድ በር ያስፈልጋታል።

በሊማሊሞ አፋፍ

ሊማሊሞ በደረስን ጊዜ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ያስጠረጉት መንገድ በገደሉ ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በዚህ ስፍራ፤ በወልከፊት፤ መሽጎ የነበረው የጣልያን ጦር ለወራት ከተከበበ በኋላ በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጥቷል። በአንደኛው ጥምዝ ላይ ከመኪና ወርደን ቆምን። በግራ ገደል፤ በቀኝ ገደል፤ በመካከላቸው ቆላው እስከ ሰማይ ዳርቻ ተዘርግቶ፤ ተራሮቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየደበዘዙ ይታያሉ። የጭላዳ መንጋ በአፋፉ ላይ ሣር እየነጨ፤ ግልገሎቹ እየተላፉ፤ አውራው ጎፈሩን እየነሰነሰ ሲመላለስ አየን። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ይህን ቢያዩ ኖሮ ተጫዋች ባላጡ ነበር ብለን ሣቅን።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ብንሄድ ገደሉ ከግራና ከቀኝ ጠፋና ሜዳው በሙሉ ተገለጠልን። ከቀድሞው የሚበልጥ ብዙ ነገር እናይ ነበር፤ ነገር ግን ዓይናችን የሚያርፍበት አጣ። ወደ ጥምዙ ተመለስን። ያን ጊዜ ለሽማግሌዎቹ የምንመልሰው ቃል ተገለጠልን። አገሩ ግንባርን ያለ ገንዘብ መሥራት ያውቃል፤ የጎደለው የሚያስታውሰው ብቻ ነው።

ለወላጆች የተሰጠ ምክር

በሳምንቱ ተመልሰን ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አልናቸው። «የተዋጣው ገንዘብ ለወንበሩ ይዋል። ግንባሩን ግን በሠርግ ዳስ ሥርዓት ሥሩት።» ይህ ምክር ለሌላም ቤተ ሰብና ትምህርት ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ አሠራሩን ከዚህ በታች እናስታውቃለን።

ከመደቡ ፊት በግራና በቀኝ ሁለት ጠንካራ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይቆማል፤ በላያቸው አንድ አግዳሚ ይታሰራል። የመክፈቻው ስፋት ዐሥራ ሁለት ክንድ፤ ከፍታው ስድስት ክንድ ቢሆን ለትንሽ አዳራሽ ይበቃል። ከምሰሶዎቹ እስከ ግድግዳው ያለው ባዶ ስፍራ በአቡጀዲ ወይም በብርድ ልብስ ይጋረዳል፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ልጆች የሚቆሙት በዚያ ጀርባ ነው። መጋረጃው ሁለት ሆኖ ይሰፋል፤ መካከሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ይደራረብ፤ አለዚያ ልጆች በቀዳዳው እያጮለቁ ሰውን ያስቃሉ። ጫፉ ላይ ቀለበት ተሰፍቶ በተወጠረ ገመድ ይገባል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት የታመኑ ልጆች ይስቡታል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው ረድፍ ግራ ጫፍና ቀኝ ጫፍ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ሆኖ ከመጋረጃው ጀርባ ያለ ሰው ከታየ፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ ይጨመር ወይም ወንበሩ ወደ መካከል ይሰብሰብ። ከሁሉ በላይ ግን ሻማ፤ ኩራዝ ወይም የጋለ መብራት ከመጋረጃ አጠገብ ፈጽሞ እንዳይቀመጥ፤ የአዳራሹም በር ትርኢቱ እስኪፈጸም እንዳይቈለፍ አጥብቀን እናሳስባለን። የቺካጎን ሕፃናት ያስታውሷል።

ፍጻሜው

ያ ስለ ወንበር የተናገሩት አባት ምክራችንን ሲሰሙ «ልጄን በዚህ ወር ድሬ ምሰሶው ገና በደጄ ቆሟል፤ ውሰዱት» አሉ። እናቶች አቡጀዲውን ከየቤታቸው አምጥተው በአንድ ከሰዓት ሰፉት። ያቺን ልጅ ግን ማንም አላስገደዳትም። እናትዋ መጋረጃ ከሚሰፉት ጋራ ተቀምጣ ሳለች ልጅቱ መጥታ በጨርቁ ጀርባ ገባች፤ ጥቂት ቆይታ «እማዬ፤ ከዚህ ሆኜ ታዪኛለሽ?» ብላ ጠየቀች። እናትዋም «አላይሽም» አለቻት። ልጅቱ ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲያ የሙግቱን ቃል ከመጋረጃው ጀርባ ለብቻዋ ስትለማመድ ሰማናት።

በዚያ ማታ መጋረጃው ተከፈተ። የጥጥ ጢም ያሰረው ዳኛ ተዘጋጅቶ ወጣ፤ ማንም አልሣቀም። ልጅቱ ስለ አባትዋ የምትናገርበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተናገረች። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሳለ እናትዋ ከሁለተኛው ረድፍ «እሰይ ልጄ!» ብላ ጮኸች፤ ሌሎቹም እልል አሉ። ዲድሮ ይህን ቢሰማ ግድግዳዬ ፈረሰ ባለ ነበር። እኛ ግን አልከፋንም፤ ግንባሩ ልጅቱን እስከ ቃልዋ ፍጻሜ ጠብቋታልና፤ ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ቃል ቢገባ የአገሩ ወግ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ስንነሣ ምሰሶዎቹ ተነቅለው በአንዲት ጋሪ ላይ ተጭነው አየን። በዚያው ሳምንት ሌላ ሠርግ ነበረና ለዳስ ይፈለጋሉ አሉን። መጋረጃው ግን ታጥፎ በርእሰ መምህሩ ሣጥን ተቀምጧል። ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በየአገራችሁ የትምህርት ቤት ልጆች ትርኢት ሲያሳዩ በተጠራችሁ ጊዜ፤ ከመቀመጣችሁ በፊት ተራውን የሚጠብቀው ልጅ ከምን ጀርባ እንደሚቆም ተመልከቱለት። ሁለት ምሰሶና ጥቂት ክንድ አቡጀዲ ከማንኛችንም ቤት አይታጣምና።